ቅዳሜ መሰብሰብ ከጀመርን ወዲህ ንቀቱ በዛ ወይስ እኔ ነቃሁ?

ቅዳሜ_ቡና (ክሩን የጀመረች)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው የማወራው፣ ታገሡኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። ያደግኩት ከሚያዩ ወንድምና እህቶቼ ጋር ነው። የተማርኩትም ከሚያዩ ልጆች ጋር ነው። ስድስት ኪሎ ተመርቄ አሁን ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «አድልዎ ደርሶብሽ ያውቃል?» ብትሉኝ መልሴ «ኧረ በፍጹም፣ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው» ነበር። ከልቤ ነበር የምለው።

አንድ ቀን የቢሮ ባልደረባዬ ከአንዲት ዓይነ ስውር ጓደኛዋ ጋር አስተዋወቀችኝ። ልጅቷም ቅዳሜ ከሰዓት ወደሚጠጡት ቡና ይዛኝ ሄደች። አራት ኪሎ ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ክፍል። የምንሰበሰበው ሁላችንም ዓይነ ስውር ሴቶች ነን። ቡናውን የምታፈላውም ራሷ ዓይነ ስውር ናት። ከሰሉን ታያይዛለች፣ ትቆላለች፣ ትቀዳለች። መቆላቱን በመዓዛውና በሚንጣጣው ድምፅ ታውቃለች። ሲኒው ሊሞላ ሲል የሚቀዳው ቡና ድምፁ ይቀጥናል፤ በዚያ ነው የምታቆመው። ማንም «ተይው፣ ትቃጠያለሽ» አይላትም። እዚያ ቤት ከንፈር የሚመጥ የለም። «ልብስሽን ማን ነው የሚመርጥልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተወራው እዚያው ይቀራል።

ችግሩ ከዚያ ወጥቼ ስሄድ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ገና ሳልደላደል ከኋላ «እምጵ» ይላል አንዱ። «አይይ፣ መልኳ እንዴት ያምራል፣ ምን ዋጋ አለው» ትላለች ሌላዋ፣ እኔ እንደማልሰማ። ባለፈው ፒያሳ ከምታይ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ልንጠጣ ገባን። አስተናጋጁ ጓደኛዬን «እሷስ ምን ትጠጣለች?» አላት። ድሮም እንዲህ ይባላል። ድሮ ግን ጓደኛዬ ታዝልኝና ወሬያችንን እንቀጥላለን። አሁን ማኪያቶው አልወርድ አለኝ።

ወንድሜ «ያ ስብሰባችሁ አበላሸሽ» ይለኛል። «ድሮ ሳቂታ ነበርሽ። አሁን ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ናቀኝ ትያለሽ።» እናቴ አትናገርም፣ ግን ቅዳሜ ስወጣ ዝም ትላለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰው ከመሰሎቹ ጋር ተማምኖ የሚቀመጥበት ቦታ ሲያገኝ፣ ውጭ ያለውን ንቀት በትክክል መስማት ይጀምራል? ወይስ የሌለውንም መስማት ይጀምራል? የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ብሬል_አንባቢዋ

አልበዛም እህቴ። ድሮም ነበር። ድሮ የምታወዳድሪበት ነገር አልነበረሽም።

እኔም እንዳንቺ ነኝ። «እንዴት ጎበዝ ነሽ፣ ራስሽ ታክሲ ያዝሽ?» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላትን ሴት ታክሲ በመያዟ ማድነቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ ማንም በዚህ የማያደንቀኝ ቤት ስገባ ነው።

---

የሚያይ_ወንድም

በቅድሚያ በአክብሮት ነው የምጽፈው። እኔ የማይ ሰው ነኝ። ከወንድምሽ ጋር እስማማለሁ ባልልም ጭንቀቱ ይገባኛል።

ከንፈር መምጠጥ በኛ አገር ንቀት ነው ወይ? እናቴ ለታመመም፣ ለሞተበትም፣ ዝናብ ለመታውም ከንፈሯን ትመጣለች። አዘነች ማለት ነው። ሐዘኔታን ንቀት ካልነው ለሰው ምን ይቀርለታል? ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። አራት ኪሎ አደባባይ ጋ ነጭ በትር የያዘ ሰው ለመሻገር ቆሞ ሳይ አሁን አሁን እፈራለሁ። ልርዳው ብል ይቆጣ ይሆን? ዝም ብል ደግሞ ኅሊናዬ አያርፍም። እናንተ ተሰብስባችሁ «የሚያዩ ሰዎች እንዲህ አደረጉን» ስትሉ፣ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳላውቅ እቀራለሁ። ርቀቱ የሚሰፋ ይመስለኛል።

---

ቅዳሜ_ቡና

የሚያይ ወንድም፣ በግልጽ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። እናትህ መጥፎ ሰው ናቸው አላልኩም። ሚኒባስ ውስጥ ያለችውም ሴትዮ መጥፎ ሰው አይደለችም፣ ብትጠየቅ እንጀራዋን ታካፍለኛለች። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይሄ ነው። የሚጠላኝን ሰው ለይቼ አውቀዋለሁ። የሚያዝንልኝን ግን ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ተራ ቆሜያለሁ። የቢሮ ልብስ ለብሻለሁ፣ መታወቂያዬ አንገቴ ላይ ነው። አንድ ሰው እጄን ፈልቅቆ ሳንቲም አስቀመጠበት። «ጌታዬ፣ እኔ ታክሲ ነው የምጠብቀው» አልኩት። «አይዞሽ፣ ለነፍሴ ነው» ብሎ ሄደ። ብሩን ይዤ ቀረሁ። መለስኩለት እንዳልል ሄዷል። ልጣለው እንዳልል ገንዘብ ነው። ለሌላ ልስጥ ብል ማን አጠገቤ እንዳለ አላውቅም።

ድሮ ይህንን ለማንም አላወራም ነበር። ያሸማቅቀኛል፣ እኔ ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለኛል። ቅዳሜ ሳወራው ከክፍሉ ውስጥ «እኔንም»፣ «እኔንም»፣ «እኔን ደግሞ ደብተር ይዤ ስድስት ኪሎ በር ላይ» እያሉ ተነሡ። አንዷ ጠበቃ ናት፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው የሰጧት። ያኔ ነው ነገሩ ከእኔ አለባበስ ወይም አቋቋም እንዳልሆነ የገባኝ።

---

ሥነልቦና_መምህር

ይህ ጥያቄ ሙያዬን ስለሚነካ ትንሽ ልጻፍ። ሁለቱንም ወገን የሚደግፍ ጥናት አለ።

ለወንድምሽ የሚያደላውን ላስቀድም። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ሮበርት ክሌክ እና አንጄሎ ስትሬንታ የተባሉ ተመራማሪዎች የተሳታፊዎችን ፊት በሜካፕ ጠባሳ አስመስለው ሠሩ። በመስታወት አሳዩአቸው። ከዚያ «እንዳይሰነጣጠቅ ትንሽ ቅባት እንጨምርበት» ብለው ተሳታፊዎቹ ሳያውቁ ጠባሳውን ጠረጉባቸው። ተሳታፊዎቹ ጠባሳ እንዳለባቸው አምነው ከማያውቁት ሰው ጋር አወሩ። ሲወጡ፣ ሰውየው በጠባሳቸው ምክንያት አኳኋኑ እንደተለወጠ በእርግጠኝነት ተናገሩ። ጠባሳው ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም። የምንጠብቀውን እናገኛለን ማለት ነው።

አሁን ሌላውን ስሙ። ፌይ ክሮስቢ የተባለች ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ላሳተመችው ጥናት ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን በምትባል ከተማ ሠራተኛ ሴቶችን ጠየቀች። ሴቶች በአጠቃላይ በሥራ ቦታ ይበደላሉ ወይ? አዎ፣ ይበደላሉ አሉ። አንቺስ ራስሽ? እኔ እንኳ ደህና ነኝ። ሁሉም ማለት ይቻላል ደህና ነኝ ባይ ነበሩ። ደሞዛቸው ሲታይ ግን ተመሳሳይ ሥራ ካላቸው ወንዶች ያነሰ ነበር። ቆየት ብላ በ1986 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ምክንያቱን ፈተነች። ያው መረጃ ለሰው አንድ በአንድ ሲሰጠው አድልዎው አይታየውም። በአንድ ገጽ ተደርድሮ ሲሰጠው ይታየዋል።

ቅዳሜ ቡና ላይ የምታደርጉት ይሄንን ነው። አንድ በአንድ የነበረውን ትደረድራላችሁ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኒውዮርክ ሴቶች በየሰው ሳሎን እየተሰበሰቡ የየራሳቸውን ገመና ሲያወሩ የሆነውም እንዲሁ ነው። እያንዳንዷ የግል ጣጣዬ ነው ያለችው ነገር የሁሉም ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ የጠባሳው ሙከራ ላንቺ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የእነሱ ጠባሳ ተጠርጎ ነበር። አንቺ እጅ ላይ ግን ሳንቲሙ አለ። የሚያሠጋኝ ሳንቲም የሌለበት ቀን ነው፤ አንድ ሰው ደክሞት ወይም ሐሳብ ይዞት በአጭሩ ሲመልስልሽ። ያኔ በየትኛው ትለይዋለሽ?

---

የሚያይ_ወንድም

መምህር፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ሳቋስ? ወንድሟ «ድሮ ሳቂታ ነበርሽ» ብሏል። እውነቱን አውቆ ማዘን ሳያውቁ ከመሳቅ ይሻላል የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

---

ሥነልቦና_መምህር

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ናይላ ብራንስኮምብ እና ባልደረቦቿ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ያደረጉት ጥናት እዚህ ጋ ይጠቅማል። መገለልን አዘውትሮ ማስተዋል ሰውን በእርግጥ ይጎዳል። የዚያኑ ያህል ግን ከወገኖቹ ጋር ያስተሳስረዋል፣ ትስስሩም መልሶ ያጽናናዋል። ቅዳሜ ሕመሙን አሳየቻት፣ ቅዳሜ ደግሞ ትደግፋታለች። ስብሰባውን ብታስቆሟት የሚቀርባት ድጋፉ ብቻ ነው። ያወቀችውን መልሳ ማጥፋት አትችልም።

---

የሰበታው

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሰበታ መርሐ ዕውራን ነው የተማርኩት፣ አዳሪ ሆኜ። ይህ ክር ብዙ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ዓይነ ስውርነት ምንም አልነበረም። ሩጫ እንሮጣለን። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ያለበትን ኳስ እንጠልዛለን። እንጣላለን፣ እንማታለን። ጎበዝ ተማሪ ጎበዝ ይባላል፣ ሰነፍ ሰነፍ ይባላል። ተገርፌያለሁ፣ ግን ታዝኖልኝ አያውቅም። ጉዳዩን ያወቅኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ጥያቄ መልሼ ክፍሉ ሲያጨበጭብልኝ ደነገጥኩ። ቀላል ጥያቄ ነበር። አጠገቤ ያለው ልጅ ያንኑ ቢመልስ ማንም አያጨበጭብለትም።

ከኛ ጋር ሌሎች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ነበሩ፣ በየሠፈራቸው ከሚያዩ ልጆች ጋር የተማሩ። ለእነሱ ጭብጨባው ምንም አልነበረም። «ምን ሆነሃል? ወደውህ ነው» ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ ጭስ ቤት የኖረ ሰው ጭሱ አይሸተውም። ወጥቶ ንጹሕ አየር ስቦ ሲመለስ ነው የሚያስለው። ልጄ ቅዳሜ ቡና፣ አንቺም አሁን ነው ያስነጠሰሽ።

ነገር ግን የሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። አብረውኝ ከሰበታ ከወጡት መካከል ከኛው ሰዎች ጋር ብቻ ኖረው ያረጁ አሉ። የሚያይ ጓደኛ የላቸውም። ስለሚያዩ ሰዎች የሚያወሩት ሁሉ ሌላው ያወራውን ነው። «የሚያይ ሰው አይታመንም» ይላሉ፤ ማን ምን እንዳደረጋቸው ብትጠይቋቸው የራሳቸው ታሪክ የለም። ይሄም ጭፍን ጥላቻ ነው። በኛ ላይ የሚደረገውን እኛ ደግሞ እናደርጋለን።

እኔን ከዚያ ያዳነኝ አንባቢ ነው። በኔ ጊዜ ኮምፒውተር የሚያነብልን አልነበረም። መጽሐፉን በድምፅ የሚያነብልን የሚያይ ተማሪ ያስፈልገን ነበር። እሱ ያነባል፣ እኔ በብሬል እይዛለሁ፣ ፈተና ሲደርስ እኔ አስረዳዋለሁ። እሱ ያለ እኔ አይገባውም፣ እኔ ያለ እሱ አላነብም። ከንፈር የሚመጥበት ጊዜ አልነበረውም፣ ነገ ፈተና ነው። እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ነው።

---

ሥነልቦና_መምህር

ጋሼ፣ እርስዎ የተናገሩትን ጎርደን ኦልፖርት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሰዎች ተገናኙ ማለት ብቻ ጥላቻን አይቀንስም። እኩል ሆነው ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተጋግዘው ሲሠሩና የበላይ አካል ሲደግፈው ነው የሚቀንሰው። የእርስዎና የአንባቢዎ ነገር እነዚህን ያሟላል። ሳንቲም ሰጪውና ተቀባይዋም በየቀኑ ይገናኛሉ። ግን አንዱ ሰጪ፣ አንዷ ተቀባይ እንደሆኑ ነው።

---

የጉለሌ_እናት

እኔ ዓይነ ስውር አይደለሁም፣ ግን ነገሩን አውቀዋለሁ። ከኤችአይቪ ቫይረስ ጋር የምኖር ነኝ። እነ መቅድም፣ እነ ተስፋ ጎህ የሚባሉት ማኅበሮቻችን የተቋቋሙ ሰሞን ሰው ስማችንን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚጠራው። ማኅበር ውስጥ ገብቼ ስለ አከራዮች ስንጫወት ሰዓት አይበቃንም ነበር። ሲኒ የተለየባት፣ ልብስ ማስጫ ገመድ የተከለከለች፣ ዕቃዋ ደጅ የተጣለባት። አንዳችንም ብቻችንን እንዳልሆንን አወቅን። ሕይወቴን ያተረፈው ያ ቤት ነው፣ ይህን ማንም አይነካብኝ።

ከመካከላችን አንዷ ግን የሁላችንን ታሪክ ሰምታ ለእህቷ ሳትናገር ዓመታት ቆየች። «እሷም ትገፋኛለች» አለች። በመጨረሻ ስትነግራት እህቷ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?» ነው ያለቻት። የኛ ታሪክ እውነት ነበር። የእሷ እህት ግን የኛ አከራይ አይደለችም።

---

ብሬል_አንባቢዋ

የጉለሌ እናት፣ ያለሽው ልቤን ነካኝ። አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ያለሁበት ሌላ ቡድን ነው፣ ሜክሲኮ አካባቢ። መጀመሪያ አካባቢ አንዷ ስታወራ ሌሎቻችን ቶሎ ብለን «ንቆሽ ነው!» እንል ነበር። አሁን ልማድ አድርገን የያዝነው ሌላ ነው። አንዷ ስትናገር መጀመሪያ የምንጠይቃት «ምን አለሽ?» ብለን ነው። ቃሉን፣ ድምፁን፣ ከዚያ በፊት ምን እንዳልሽው። «ምን መሰለሽ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይለያያሉ።

ባለፈው አንዷ «ሻጩ ዘጋኝ» አለች። ምን አለሽ? «ምንም አላለኝም።» ሌላ ሰውስ ያናግር ነበር? ስታስበው ስልክ እያወራ ነበር። ተውነው። ሌላዋ ደግሞ «የቤት አከራዩ ጨዋ ሰው ነው፣ ብቻ ደረጃው ያስቸግርሻል አለኝ» አለች። ምን አለሽ? «ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ላንቺ አይሆንም፣ ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ።» በስልክ ስትደውል ክፍሉ አለ ብሏት ነበር። በትሯን ካየ በኋላ ነው የተሰጠው። እሷ ጨዋ ሰው ብላ ነበር ያለፈችው፤ እኛ ነን ያስቆምናት። እንዲህ ስንጠይቅ አንዳንዱ ይቀላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመሰለን በላይ ይከብዳል።

---

ጠበቃዋ

ቅዳሜ ቡና የጠቀሰቻት ጠበቃ እኔ አይደለሁም፣ ግን በተመሳሳይ ሙያ ነኝ፤ የማይ ሰው ነኝ። «በትክክል ሰማሁ ወይስ መሰለኝ?» የሚለውን ጥያቄ ሕጉም አስቦበታል።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገት፣ በዝውውር ወይም በሌላ የሥራ ሁኔታ በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተደርጎብኛል የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክም የለበትም። አድልዎ አለማድረጉን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። አሠሪው በልቡ ያሰበውን አመልካቿ እንዴት ታስረዳለች? ሰነዱ ያለው እሱ ጋ ነው። ስለዚህ «ምናልባት መስሎኝ ይሆናል» እያላችሁ ብቻችሁን አትብሰልሰሉ፤ ሥራን በሚመለከት ጉዳይ መልስ የመስጠት ግዴታው የእነሱ ነው። በቡድናችሁ ይህን አዋጅ አንብቡት።

አንድ ሰው በግል መልእክት ስለ ባንክ ፊርማ ጠይቆኛልና እዚሁ ልመልስ፤ ከክሩ ጋር ይገናኛል። ባንክ ሄዳችሁ «ምስክር ይዘሽ ነይ» ስትባሉ ሠራተኛዋ የናቀቻችሁ ይመስላችኋል። ብዙ ጊዜ እሷ አይደለችም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት ዓይነ ስውር ወይም መጻፍና ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የተጻፈው ለጥበቃ ነው፤ ሰው እንዳይታለል። ሆኖም የተማረችውን ዓይነ ስውር ኢኮኖሚስት ውል ማንበብ ከማይችል ሰው ጋር ይመድባታል። ተቋማትም ይህን ፈርተው የራሳቸውን መመሪያ ይጨምሩበታል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 12፣ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸውና የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመምራት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ይሄን ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ መጥላት ቀላል ነው፣ ቁጥር 1728ን መጥላት ይከብዳል። ጉልበታችሁን ግን ሕጉና መመሪያው ላይ ብታውሉት ለሁላችሁም ይሠራል።

---

ቅዳሜ_ቡና

ጠበቃዋ፣ እንባዬ መጣ። እኔን እንደዚያ ያለችኝ የባንክ ሠራተኛ ድምፅዋ ጥሩ ነበር፣ ይቅርታም ጠይቃኛለች። ጥሩነቷና የሠራችው ነገር አልገጥም ብሎኝ ነበር። አሁን ገጠመልኝ።

---

ስድስት_ኪሎ_አንባቢ

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በፈቃደኝነት አነባለሁ። አንድ ሐሳብ አለኝ። ቅዳሜን ለሚያዩ ሰዎች ክፍት ብታደርጉትስ? እኛም እንማራለን። ጋሼ ያሉት ግንኙነትም ይፈጠራል።

---

ቅዳሜ_ቡና

ወንድሜ፣ አትቀየመኝና አይሆንም።

የሚያይ ሰው ክፍሉ ውስጥ ከገባ ቡናውን «ልቀዳላችሁ» ይላል። በጥሩ ልብ ነው የሚለው። እኛ ደግሞ እንዳይከፋው «እሺ» እንላለን። ከዚያ የምናወራው ነገር ይለወጣል፤ እሱን እንዳንጎዳው እንመርጣለን። አንዲት ልጅ አለች፣ ወር አበባዋን እንዴት እንደምትከታተልና ልብሷ መበላሸቱን እንዴት እንደምታውቅ የጠየቀችው እዚያ ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ የምትጠይቅበት ቦታ አልነበራትም። አፏን የሚያዘጋ ነገር አላስገባም።

ሌላ ቀን እናድርግ ካልክ ደስ ይለኛል። አብረን የምንሠራው ነገር ይኑር ብቻ። እኛን ለማየት የሚመጣ እንግዳ አንፈልግም።

---

ሥነልቦና_መምህር

እስማማለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ያስጠነቅቃል። የተሻለ ዕድል ያለውና የሌለው ቡድን ተገናኝተው ስለሚያመሳስላቸው ነገር ብቻ በደስታ ሲጫወቱ፣ ዕድሉ የሌላቸው ሰዎች «እነዚህ እኩል ያካፍሉናል» ብለው ጠበቁ። ሲከፋፈል ግን እንደጠበቁት አልሆነም። ጨዋታው አቀራረባቸውን አሳመረ፣ ክፍፍሉን አልነካውም። ስለዚህ ከሚያዩ ሰዎች ጋር ስትቀመጡ ደረጃውም፣ አከራዩም፣ ፊርማውም ይነሣ። ሣቅና ቡና ብቻውን ልዩነቱን ይሸፍነዋል።

ጋሼን ልጠይቅ፦ ለወንዶችስ እንዲህ ያለ ቦታ አለ?

---

የሰበታው

ማኅበራችን፣ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ ከ60 ዓመት በላይ ኖሯል። መብትን በተመለከተ ብዙ ደክሟል። ግን ማኅበር ስብሰባ ነው፤ አጀንዳ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው። እጁ ላይ ሳንቲም የተቀመጠበት ጎልማሳ ያንን በአጀንዳ አያነሣውም። ወንድ ልጅ ይሄን ለማውራት ይከብደዋል። እኔ ፒያሳ አካባቢ ነው የምኖረው። ቤቴ ሰፊ ባይሆንም አምስት ስድስት ሰው ይይዛል። ልጆች የምታውቁ ላኩልኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። ሙስሊም ወንድሞቼም ይምጡ፣ ሰዓቱን እናስማማለን።

---

የሚያይ_ወንድም

ሁሉንም አነበብኩ። ሁለት ጊዜ። ስለ ከንፈር መምጠጥ አሁንም ከእናንተ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፤ እናቴ ሐዘኗን የምትገልጽበት ሌላ መንገድ አታውቅም። ስለ ሳንቲሙ፣ ስለ አከራዩና ስለ ፊርማው ግን የምከራከርበት ነገር የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት ያስፈልገኛል። አራት ኪሎ ጋ ነጭ በትር የያዘ ሰው ቆሞ ባገኝ ምን ላድርግ?

---

ቅዳሜ_ቡና

አጠገቡ ቆመህ ድምፅህን አሰማ። «ሰላም፣ መሻገር ፈልገህ ነው? ላግዝህ?» በል። ምናልባት ታክሲ እየጠበቀ ይሆናል፤ እኔን ሳልፈልግ አሻግረውኝ ተመልሼ የተሻገርኩበት ቀን አለ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካለህ ሂድ፣ አልተቆጣህም።

«እሺ» ካለህ እጁን አትጎትተው፣ ከኋላም አትግፋው፣ በትሩንም አትያዝበት። ክርንህን ወደ እሱ አስጠጋለት፣ እሱ ይይዝሃል። አንተ ግማሽ እርምጃ ቀድመህ ሂድ፤ ስትወርድም ስትወጣም በክንድህ ይታወቀዋል። ጠርዝ ጋ ስትደርስ «መውረጃ» ወይም «መውጫ» በለው። ከተሻገራችሁ በኋላ ዝም ብለህ እንዳትሰወር፤ «ደርሰናል፣ ወደ ፒያሳ የሚወስደው በስተግራህ ነው» በለውና ተሰናበተው።